የትኛውን የአማርኛ ፎንት ልጠቀም? ከደብረ ማርቆስ ኮምፒዩተር ቤት የተጻፈ ማነጻጸሪያ

በቀደም አንድ ልጅ ፍላሽ ይዞ እየሮጠ ገባ። «ጋሼ፣ ይቺን ቶሎ ፕሪንት አድርግልኝ፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው» አለኝ። ፋይሉን ከፈትኩት። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ገጹ ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የፐርሰንት ምልክትና ጭረት ተዝረክርኮበታል። ልጁ ክው አለ። «ቤት እኮ በደንብ ይታይ ነበር!»

ይህችን ቃል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማት። ከቢቸና የመጣም ይላታል፣ ከደጀን የመጣም ይላታል። እውነታቸውን ነው፤ ቤት በደንብ ይታያል። ችግሩ ፋይሉ ከቤት ሲወጣ ነው።

ሰው ፎንት ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። እኔ ደንበኛን የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ከእናንተ ማሽን ወጥቶ የት ይከፈታል? ወረቀት ላይ ታትሞ ያበቃል? የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ይሄዳል? ስልክ ላይ ይነበባል? ድረ ገጽ ላይ ይወጣል? የትኛው ፎንት እንደሚሻልም፣ የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልግም የሚታወቀው ከዚህ መልስ ነው።

ከመምረጥ በፊት በሽታውን ለዩ

«ፎንቱ አልሠራ አለኝ» ብሎ የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ችግር የለበትም። ስክሪኑን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ሳጥን ሳጥን የሚታይ ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው። ማሽኑ ፊደሉን ያውቀዋል፣ የሚስልበት ፎንት ግን የለውም። ፎንቱን ስትጭኑለት ይድናል።

ያልተያያዘ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከሆነ፣ የልጁ ዓይነት፣ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በፊት በነበረ የድሮ ፎንት ነው። ያ ፎንት ከሌለ አይነበብም።

ሦስተኛው ያሳስታል። እሱም የላቲን ፊደል ነው፤ ግን ትንሽዬዋ «ኤ» (a) ጭረት ደፍታ በየሦስት ምልክቱ ትመላለሳለች። ይህ የፎንት ጉዳይ አይደለም። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት ኮድ፣ ሲቀመጥ ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ በሌላ ኮድ ሲያነበው ያቺን ጭረት ያላትን «ኤ» ያወጣል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሲኤስቪ የሚባለው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል በቀጥታ ኤክሴል ላይ ሲከፈት ነው። መፍትሔው «ዳታ» ከሚለው ገብቶ ፋይሉን ከዚያ ማስገባትና ኮዱን 65001፣ ማለትም ዩቲኤፍ-8፣ ማድረግ ነው። ፎንት አትቀያይሩ፤ ቀኑን ሙሉ ብትቀያይሩ ወይ ፍንክች።

አራተኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሲደረደር ነው። ይህ ከባዱ ነው። ጽሑፉ አማርኛ መያዝ በማይችል ቦታ ላይ ተቀምጦ ፊደሎቹ ተጥለዋል ማለት ነው። የድረ ገጽ ዳታቤዝ ላይ ይታያል። ከዚያ ፋይል የሚመለስ ነገር የለም፣ ዋናውን ፈልጉ።

የድሮው ፎንት ወይስ ዩኒኮድ?

የድሮዎቹ ፎንቶች የተሠሩት ኮምፒዩተር በአንድ ፎንት ከ256 ቦታ በላይ በማይሰጥበት ዘመን ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ዘዴ ፈጠሩ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ሦስት ፎንት አከፋፈለው። አንዳንዱ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ ገጣጠመው። ሁሉም ግን የእንግሊዝኛውን ቦታ ነው የወሰዱት። ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው እንግሊዝኛ ነው፣ ፎንቱ አማርኛ አልብሶ ያሳያል። ልብሱ ሲወልቅ የልጁ ወረቀት ይሆናል።

ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር፤ አልንቀውም። ስንት ጋዜጣና መጽሐፍ ታትሞበታል።

ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ያስገባው በ3.0 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ «ለ» የራሱ ቁጥር አለው። ፎንቱ ቢቀየርም «ለ» ነው፣ ቢጠፋም «ለ» ነው። ጎግል ላይ ተፈልጎ ይገኛል፣ ቴሌግራም ላይ ይሄዳል፣ ስልክ ያነበዋል።

ስለዚህ ለአዲስ ጽሑፍ ማወዳደር እንኳ አያስፈልግም፤ ዩኒኮድ። የድሮውን ፎንት አንድ አሮጌ ማሽን ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ የድሮ ፋይል ለመክፈት። ያን ልጅም ያወጣሁት በእሷ ነው። መኪናውም አላመለጠውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፣ ግን የሚመሩት በፎንቱ ስም ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ያለ ፎንት ከለጠፋችሁት ስሙ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የትኛው እውነተኛ እንግሊዝኛ፣ የትኛው የተደበቀ አማርኛ እንደሆነ መሣሪያው አያውቅም። ዋናውን የዎርድ ፋይል ሳትነኩ ስጡት። ከተቀየረም በኋላ ሰው በዓይኑ ያንብበው፤ በተለይ ቁጥርና የሰው ስም።

ሌላው የሚምታታው ኪቦርድና ፎንት ነው። «የምጽፍበት ሶፍትዌር ከሌለኝ አማርኛ አይታየኝም» የሚል ብዙ ሰው አለ። መጻፊያው ሌላ፣ ማሳያው ሌላ ነው። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ኪማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራምም በነጻ ይገኛል። በየትኛውም ዩኒኮድ ኪቦርድ የጻፋችሁትን በየትኛውም ዩኒኮድ ፎንት ማየት ትችላላችሁ። አንዳንዱ የቆየ የመጻፊያ ሶፍትዌር ግን በሁለቱም መንገድ ይጽፋል። የትኛው እንደተመረጠ ሳታዩ መጻፍ አትጀምሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ጸሐፊዎች የአንድ ሪፖርት ሦስት ክፍል ጽፈው መጡልኝ። ሁለቱ ዩኒኮድ፣ አንዱ የድሮ። ማታ አምስት ሰዓት ድረስ አስመሸኝ።

ከዩኒኮዶቹ የትኛው?

ኒያላ የቢሮው ፎንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ። የብዕር ጠባይ አለው፣ ለዓይን አይከብድም። ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ደማቁ ለብቻ አልተሠራለትም። ርዕስ ለማድመቅ «ቦልድ» ስትሉት ዎርድ ራሱ ነው ቀለሙን የሚያወፍረው። «ጨ» እና «ጪ» በትንሽ መጠን ይደፈናሉ። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ከማሽኑ ጋር ተጭኖ አይመጣም። ከሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብቶ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን መጨመር ያስፈልጋል። ይህም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኔት በጠፋ ሰሞን አዲስ ማሽን የገዛ ሰው ኒያላን የት ያገኘዋል?

በዚያ ጊዜ ኢብሪማ ይተካል። ይህ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል፣ የራሱ ደማቅም አለው። ቀጥ ያለ፣ ለስክሪን የተሠራ ነው። ለደብዳቤ አልወደውም፤ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ግን ይሠራል። በኒያላ የተጻፈ 10 ገጽ በኢብሪማ ሲከፈት ስፋቱ ስለሚለያይ ገጹ ይንሸራተታል። ማውጫችሁ ላይ የተጻፈው የገጽ ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ማክ ያላቸው ኬፋ አላቸው። ደህና ፎንት ነው፣ ደማቅም አለው። ማክ የያዘ ደንበኛ እዚህ ብዙ ስለማይመጣ ብዙ አልልም።

ኖቶ የጎግል ነው፤ ሁለት መልክ አለው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀጥ ያለው፣ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ደግሞ የመጽሐፍ ጠባይ ያለው ነው። ስሙ የመጣው ከዚያ ሳጥን ነው። ፈረንጆቹ ሳጥኗን ከእስያ ምግብ ጋር አመሳስለው «ቶፉ» ይሏታል፤ ፎንቱ «ቶፉ ይቅር» ለማለት ነው። ዋናው ጥንካሬው ውፍረቱ ነው፤ ከቀጭን እስከ በጣም ደማቅ 9 ደረጃ አለው። የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ የሱቅ ታፔላ ስሠራ የምጀምረው በእሱ ነው።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው የቋንቋ ድርጅት ሥራ ነው። መልኩ ከሁሉም ይልቅ ወደ ብራናው ያደላል። ደማቅ የለውም፤ አንድ ውፍረት ብቻ። ግን በዩኒኮድ ውስጥ ያለ የግዕዝ ፊደል ሁሉ አለበት። ይህ ለጎጃም ተራ ነገር አይደለም።

አንድ ጊዜ የኔታ መጡ። የድጓ ትምህርት ለተማሪዎቻቸው አባዝተው ሊሰጡ ነው። አንዱ ደቀ መዝሙር በኮምፒዩተር ጽፎታል። ከፈትኩት፤ ቃሉ አለ፣ ከላይ ግን ሳጥን ሳጥን። የኔታ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና «ልጄ፣ ይዘቱ የት ሄደ?» አሉኝ። እኔ ጽሑፉን መስሎኝ «ይዘቱማ አለ፣ የኔታ» አልኩ። ሳቁ። «የዜማውን ይዘት ነው የምልህ!» ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፤ ምልክቶቹ ሁሉ ዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አላቸው። የተጻፈበት ፎንት ነው ያልነበረው። አቢሲኒካን ጫንኩለት፣ ሳጥኖቹ ጠፉ። ምልክቶቹን በትክክል ከየፊደሉ ራስ ላይ ማሳረፍ ሌላ ግማሽ ቀን ወሰደ፤ ያ የፎንት ሳይሆን የገጽ አቀማመጥ ሥራ ነው። ሰምና ወርቁን ግን ማታ እራት ላይ ነው በደንብ የገባኝ።

እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በአዊኛ ስትጽፉ «ጘ» እና ቤተሰቧን ታያላችሁ። ፎንት ከመምረጣችሁ በፊት ከ«ጘ» እስከ «ጟ» ጽፋችሁ ሞክሩ። አማርኛን ብቻ አስቦ የተሠራ ፎንት እዚያ ላይ ይሰናከላል። ኖቶና አቢሲኒካ አይሰናከሉም።

ማጋደልን ተዉት። አማርኛ የተጋደመ ፊደል ልማድ የለውም፤ «ኢታሊክ» ስትሉት ማሽኑ ፊደሉን ገፍቶ ያዘነብለዋል፣ የሰከረ ይመስላል። አባቶች በብራና ላይ የተለየ ቃል ሲገጥማቸው በቀይ ቀለም ነው የሚጽፉት። እሱ ይሻላል።

ተጭኖም አልመጣ ሲል

ፎንቱን ጭናችሁ ዎርድ ውስጥ ስሙ ከሌለ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ካልሆነ ፎንቱ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» በሉ። ዊንዶውስ 10 ከአንድ ማሻሻያው ወዲህ ፎንትን ለገባው ሰው ብቻ ይጭናል፤ አንዳንድ የዲዛይን ፕሮግራም በዚያ መንገድ የገባውን አያየውም። ዚፕ ውስጥ እያለ ለመጫን መሞከርም የተለመደ ስህተት ነው። አውጡት።

ፋይሉን ለሌላ ሰው የምትልኩ ከሆነ ሦስት መንገድ አለ። ሰውዬው የሚያነበው ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል። የሚያስተካክለው ከሆነ ዎርድ ላይ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» ገብታችሁ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ እንዲያስገባ ምልክት አድርጉ። ለባነር ማተሚያ ቤት ከሆነ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ ሥዕል፣ ቀይሩት። ከርቭ ከሆነ በኋላ ግን የፊደል ስህተት ማረም አይቻልም፤ ያልተቀየረውን ቅጂ አስቀሩ። እኔ አንድ ጊዜ አላስቀረሁም። የሙሽራውን ስም እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍኩ።

ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አልገባ ካለ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ፎንት ሠሪው ውስጡ የፈቃድ ምልክት ያስቀምጣል፤ ጭራሽ አይገባም፣ ለማየትና ለማተም ብቻ፣ ለማስተካከልም ይፈቀዳል እያለ። ዎርድ ያንን ነው የሚያከብረው።

ፈቃድ፤ ማንም የማያነበው ወረቀት

«ፎንት ደግሞ ፈቃድ አለው እንዴ?» ይሉኛል። አለው። ፎንት ሠሪዎች ፈቃዳቸውን የሚጽፉት እንደ ሶፍትዌር ነው። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። አብሯችሁ የሚሄድ አንድ ልዩነት ልስጣችሁ። በፎንቱ የተሠራውን ነገር መስጠት ሌላ ነው፣ ፎንቱን ራሱን መስጠት ሌላ።

ኒያላን ውሰዱ። ፈቃድ ባለው ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ጽፋችሁ ካኒቴራ ላይ አትማችሁ ብትሸጡ ማይክሮሶፍት ችግር የለበትም፤ ለቤትና ለተማሪ ብቻ በተፈቀደ ፕሮግራም እስካልሠራችሁ ድረስ። የኒያላን ፋይል ድረ ገጽ ላይ ሰቅላችሁ ሰው ሁሉ እንዲያወርደው ማድረግ ግን ክልክል ነው። ድረ ገጹ ላይ «ኒያላ ካለህ በእሱ አሳይ» ብሎ ስሙን መጻፍ ደግሞ ምንም አይደለም። ስሙን ጠራችሁ እንጂ ፋይሉን አልሰጣችሁም። ፎንቱን በፍላሽ ለጓደኛ ማሽን መገልበጥም ያው መስጠት ነው፤ ኬፋም እንዲሁ።

በገንዘብ የሚሸጡት ላይ የኮምፒዩተር፣ የድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ነው። የኮምፒዩተሩ በማሽን ቁጥር፣ የድረ ገጹ በጎብኚ ብዛት ይተመናል። አንዱን የገዛ ሁሉንም የገዛ ይመስለዋል። «ነጻ» ብሎ የሚወርደው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያታልላል። ዚፑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱ። «ለግል መጠቀሚያ ብቻ» ካለ ለሆቴላችሁ አርማ አይሆንም። የጽሑፍ ፋይል ከሌለው እኔ ለደንበኛ ሥራ አልነካውም። በክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ፣ የመጣውን ለማወዳደር አላስገባሁትም።

ኖቶና አቢሲኒካ የሚወጡት በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው። ይህ ፈቃድ ለእኛ ዓይነቱ የተሠራ ይመስላል። ማተም ይቻላል፣ በታተመው መነገድ ይቻላል፣ ድረ ገጽ ላይ መስቀል፣ መተግበሪያ ውስጥ ማስገባት፣ ለሰው መስጠት፣ ማሻሻልም ይቻላል። የማይቻለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። ለሰው ስትሰጡ የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮ ይሂድ። ካሻሻላችሁት ያው ፈቃድ ይቀጥላል፤ ባለቤቱ ስሙን ካስከበረ ደግሞ ሌላ ስም ታወጡለታላችሁ። በእሱ የጻፋችሁት መጽሐፍ ግን የራሳችሁ ነው።

ለድረ ገጽ

ባሕር ዳር ላይ የእንግዳ ማረፊያ አለን፣ ወይም የማር ማኅበራችን ገጽ ይሠራልን የምትሉ፣ ምርጫው ሦስት ነው።

ምንም ፎንት አለመጫን አንዱ ነው። የአሁኖቹ አንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ ፎንት አላቸው፣ አይፎንም አለው። አንባቢያችሁ በሞባይል ዳታ የሚገባ ከሆነ ይህ ለፎንት ዜሮ ሳንቲም ያስወጣዋል። ከርዕስ ሌላ ላለው ዋና ጽሑፍ እኔ ይህን ነው የምመርጠው፣ መልኩ በየስልኩ ቢለያይም።

ሁለተኛው ከጎግል ፎንትስ መጥራት ነው። ቀላል ነው፤ ፎንቱን በፊደል ዓይነት ከፋፍሎ ስለሚልክ ገጹ ላይ አማርኛ ከሌለ የአማርኛው ክፍል አይወርድም። ግን ሌላ ሰርቨር ላይ ተማምናችኋል።

ሦስተኛው ፋይሉን ራሳችሁ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ነው። በዎፍ2 አስቀምጡት፤ ለድረ ገጽ የተጨመቀ ስለሆነ ከተራው ፋይል ያንሳል። ለርዕስ ብቻ ኖቶ ሴሪፍን እንዲህ አድርጉ። ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይ «ስዋፕ» የሚለውን ማዘዣ ጨምሩ። አለበለዚያ ኔት ሲንቀረፈፍ አንባቢው ለጊዜው ባዶ ቦታ ያያል። በመስመሮች መካከልም ከእንግሊዝኛው ሰፋ ያለ ቦታ ስጡ፤ ፊደላችን ረጃጅም ነው።

ሰቅላችሁት ካልታየ የፋይሉን ስም ተመልከቱ። እናንተ ማሽን ላይ ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ነው፤ አብዛኛው ሰርቨር ሊኑክስ ስለሆነ ለእሱ ሁለት የተለያየ ፋይል ነው። ቤት የሠራው ሰርቨር ላይ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፎንቱ ከሌላ አድራሻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያኛው ሰርቨር ካልፈቀደ ብራውዘሩ አይቀበለውም። ርዕሱ የደፈነ ድምቀት ካሳየ ቀጭኑን ብቻ ጭናችሁ ደማቅ አዛችሁታል ማለት ነው፤ የደማቁን ፋይል ጨምሩ። በእውነት የትኛው ፎንት እንደሠራ ለማየት ክሮም ላይ ጽሑፉን በቀኝ ተጭናችሁ «ኢንስፔክት»፣ ከዚያ «ኮምፒዩትድ» በሉ፤ ከታች «ሬንደርድ ፎንትስ» ይላል። እናንተ ማሽን ላይ ፎንቱ ተጭኖ ከሆነ ይህን ሳታዩ «ሠርቷል» አትበሉ። በጎረቤት ስልክም ክፈቱት።

አሁን ሱቄ ውስጥ በየማሽኑ ኖቶ ሁለቱም መልኩ፣ አቢሲኒካ፣ እና ከዊንዶውሱ የተጨመረው ኒያላ አሉ። ኖቶንና አቢሲኒካን ከነፈቃድ ጽሑፋቸው ፍላሽ ላይ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬአለሁ። የሚፈልግ ይገለብጣል፣ አላስከፍልም። ያ የሚሮጠው ልጅም ሲመለስ ገልብጧል።